ዝገት የለበሰ አሞራ

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። ላፕቶፑ ከረከቦቱ ራቅ ብሎ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ፀሐይ ስክሪኑን እንዳትመታው ነጠላ ተጋርዶበታል። በረንዳው ለላሊበላ ከተማ ጀርባውን ሰጥቶ ቁልቁል ገደሉን ያያል። ስክሪኑ ላይ አንድ ትልቅ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ይንሳፈፋል።

«ይኼን ምን አደረግሽው?» አሉ አስጎብኚው።

«ምኑን ጋሼ?»

«ደረቱን። ነጭ ሆኗል እኮ።»

ልጅቱ ኮራ አለች። ፎቶው ሲነሣ የወፉ አንገትና ደረት ብርቱካናማ ሆኖ ወጥቶ ነበር። የማለዳ ፀሐይ ያቀላው መስሏት ቀለሙን ስታስተካክል አምሽታለች። ላገኘችው ሁሉ አሳይታው «ዋው» ተብሎላታል።

«የጠዋት ፀሐይ ሁሉን ቢጫ ያደርገዋል። አጠብኩት» አለች።

«ፀሐዩን አይደለም ያጠብሽው። አሞራው ተቀብቶ የመጣውን ነው።»

ሁለቱን ተነጋጋሪዎች ለዚህ ጽሑፍ ያቆማቸው ጸሐፊው ነው። አንደኛው ከሃያ ዓመት በላይ እንግዳ ይዘው አብያተ ክርስቲያናቱን ሲዞሩ የኖሩ የላሊበላ አስጎብኚ ናቸው። ሌላዋ ወልድያ ላይ ባዮሎጂ የምታስተምር፣ ደመወዟን አጠራቅማ ረዥም ሌንስ የገዛች ወጣት ናት። ወፎቹና ገደሎቹ ግን የተፈጠሩ አይደሉም፤ ላስታ የወጣ ሁሉ ያገኛቸዋል።

አሞራውን ፈረንጆች «ባለ ጺም» ይሉታል፤ ከመንቆሩ ሥር የሚንጠለጠል ጥቁር ጸጉር አለው። ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ እስከ 2.8 ሜትር ይደርሳል። ከሌሎቹ ጥንብ አንሳዎች የሚለየው በምግቡ ነው። እነሱ ሥጋውን ተሻምተው ሲጨርሱ እሱ አጥንቱን ሊወስድ ይመጣል። ትንሹን እንዳለ ይውጠዋል፤ ትልቁን ወደ ሰማይ ይዞት ይወጣና ድንጋይ ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ ወርዶ ያነሣዋል፣ እንደገና ይለቀዋል። የሆዱ አሲድ አጥንት የሚያሟሟ ነው። የአዋቂው ወፍ ደረትና አንገት በተፈጥሮው ነጭ ሲሆን፣ ብርቱካናማ የሚያደርገው ወፉ ራሱ ነው፤ ብረት ያለበት ቀይ ጭቃና ውኃ ፈልጎ ይነከርበታል፣ ላባውን ያሽበታል። ሰው ይዞ የሚያሳድገውና ቀይ ጭቃ የማያገኘው እንደነጣ ይቀራል። ለምን እንደሚቀባ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ከተባይ ሊጠበቅ ነው የሚል አለ፤ ለግርማ ሞገስ ነው የሚልም አለ።

«እንግዲህ ዝገት ነው» አሉ አስጎብኚው። «አንቺ ሳሙና ይዘሽ ሄድሽበት።»

«ካሜራው ይኼን በምን ያውቃል ጋሼ?»

«ካሜራው አያውቅም። አንቺ ግን ባዮሎጂ አስተማሪ ነሽ።»

ልጅቱ ስኒዋን አስቀመጠች። ይህቺኛዋ ገብታለች። መልስ ሳትሰጥ ሌላ ፎቶ ከፈተች፤ ቤተ ጊዮርጊስ ዙሪያ ካለው ግድግዳ ቀዳዳ ብቅ ያለች ርግብ። «እሺ፣ ይህችስ? ሆዷ ሮዝ ነው። እሷም ተቀብታ ነው ይበሉኝ።»

ርግቧን ላሊበላን የረገጠ ሁሉ ያውቃታል፤ ስሟን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ግራጫ ናት፤ ማጅራቷ ላይ ነጭ ቀለበት አላት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም የለችም። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ከአንድ ቀይ ዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ፀሐይ ከፍ ስትል ብርሃኑ የጉድጓዱን ወለልና ግድግዳ መትቶ ቀልቶ ይመለሳል፤ እዚያ ውስጥ የቆመ የካህን ነጭ ጥምጣም እንኳ በሥሩ በኩል ደም ይመስላል።

አስጎብኚው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። «አንገቷን አቅርቢልኝ። ቀለበቱ ምን ዓይነት ነው?»

«ነጭ።»

«ሆዷስ?»

«ሮዝ አልኩዎት።»

«ቀለበቱም ሮዝ ቢሆን ኖሮ ፎቶውን በሙሉ የነካው ነገር አለ ማለት ነው፤ ያኔ አስተካክዪ። ቀለበቷ ነጭ ሆኖ ሆዷ ብቻ ከቀላ፣ ከሥር ያቀላት ድንጋዩ ነው። ቀንሺው። አገሩን ያላየ ሰው ሆዷ ሮዝ የሆነ ርግብ አለች ብሎ ይጽፋል።»

«አልቀንስም!»

«ለምን?»

«ድንጋዩን ካጠብኩላት እንጦጦ ላይ ያነሣኋት ርግብ ትሆናለች። አሞራውን አጠብሽ ብለው ተቆጡኝ፣ አሁን ደግሞ ርግቧን እጠቢ ይሉኛል። አንቱም እኮ አንዱን ይምረጡ።»

አስጎብኚው ሣቁ እንጂ አልመለሱላትም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ከልጅቱ ጋር ነው። አሞራው ላይ ያለው ቀለም ላባው ላይ የተቀመጠ ነው፤ ርግቧ ላይ ያለው ለአፍታ ያረፈባት ብርሃን ነው፤ ሁለቱም ግን በዚያች ደቂቃ እውነት ነበሩ። ማጥፋት የሚገባው ካሜራው የጨመረውን ነው። የትኛውን ማን እንደጨመረው ለመለየት ደግሞ ማጅራት ላይ ያለች የጣት ስፋት ነጭ ቀለበት ትበቃለች፤ ወፏን የሚያውቅ ሰው ካለ።

«ለማን ለማን አሳየሽው ይኼን አሞራ?» አሉ አስጎብኚው።

«ለጓደኞቼ። አብረውኝ ለሚያስተምሩ።»

«ምን አሉ?»

«ቆንጆ ነው አሉ።»

«ቁራ ነው የገዛ ስሙን የሚጠራው። አንቺ ደግሞ የሚጠሩልሽ አገኘሽ።» ቡናቸውን ፉት አሉ። «ይሉኝታ ነው እቱ። ሰው ፎቶሽን አይቶ ‹ዐይኑ ደብዝዟል› ቢልሽ የምትቀየሚው ይመስለዋል። አንቺም የእሱን ስታዪ እንደዚያው። እንዲህ ስትሞጋገሱ ዐሥር ዓመት ይሄዳል።»

አስጎብኚው የሙያ ባጅ አንገታቸው ላይ ከማንጠልጠላቸው በፊት ዋድላ ሦስት ዓመት ቅኔ ቆጥረዋል። ዋድላ ከላስታ በስተደቡብ፣ መቄትን አልፎ ያለ አገር ነው፤ በቅኔ ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሙ የሚጠራ። ስለ ፎቶ ሲያወሩም የሚመጣላቸው ያ ቅኔ ቤት ነው።

«ተማሪው ጥግ ይዞ ለብቻው ይቆጥራል። ከዚያ ተራውን ጠብቆ ለመምህሩ ይነግራል። የእኛ የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚሰሙ። ‹ጎበዝ› የሚባል ነገር የለም! ምሥጢሩ ጎደለ ይሉሃል፣ ዜማው ተሰበረ ይሉሃል፣ እዚያው ቆመህ ታቃናለህ። አስነጋሪው ደግሞ አለ፤ ከአንተ ትንሽ ቀደም ብሎ የገባ ተማሪ ማለት ነው። እሱ ከመምህሩም የባሰ ነው።»

«ስድብ አይሆንም?»

«ቅኔው ነዋ የሚሰደበው። አንተ ማታ ከሰደበህ ልጅ ጋር ቆሎህን ተካፍለህ ትተኛለህ።»

«ፎቶ ግን ቅኔ አይደለም ጋሼ። ቅኔው ቢበላሽብዎት ነገ ሌላ ይቆጥራሉ። ይኼ አሞራ ነገ ተመልሶ አይመጣልኝም።»

«ይመጣል! በዚያች ሾጣጣ ድንጋይ ግራ በኩል ነፋሱ ሽቅብ ይመታል፤ እሷን ይዞ ነው የሚወጣ። እኔ እዚህ በረንዳ ላይ ስንት ዘመን አየሁት።»

እንዲህ ያለውን ነገር ከሌንስ ጋር አብሮ የሚሸጥ ሱቅ የለም። ልጅቱ ግን ይህን ሰምታ ዝም የምትል አይደለችም፤ ለጠዋቱ ብርሃን ብላ በሌሊት እየተነሣች ስንት ቀን ባዶ እጇን ተመልሳለች።

«ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ብርሃኑ ማር ነው። አንድም ጥንብ አንሳ አይበርም። 4 ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ይሞላል፤ ብርሃኑ ግን ከአናት ይወርድና የሁሉም ፊት ይጠቁራል። ምን ይሻላል?»

ጥያቄው በደጋ ወፍ ለሚያነሣ ሁሉ ያለ ነው፤ መልሱም በፊዚክስ ይጀምራል። ከባዱ ጥንብ አንሳ ክንፉን እያርገበገበ ብዙ መሄድ አይችልም፤ መሬቱ ሞቆ አየሩ ሽቅብ እስኪነሣ ገደል ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አጥንት ሰባሪው ባለ ጺም ከእነሱ ቀለል ይላል፣ ክንፉም ረዥምና ጠባብ ነው፤ ተዳፋቱን መትቶ የሚወጣ ነፋስ ካገኘ የመሬቱን መሞቅ አይጠብቅም። ስለዚህ ማለዳ የሚገኘው እሱ ነው። ለሌሎቹ ደግሞ ላስታ ሌላ ነገር ሰጥታለች፤ ከተማዋ ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከበላይዋ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ይቆማል፣ ገደሉም ብዙ ነው። ሰው ከአፋፉ ሲቆም ወፉ ከእግሩ በታች ያልፋል። በሜዳ አገር የበራሪ አሞራ ፎቶ የሆድ ፎቶ ነው፤ እዚህ ጀርባውና የክንፉ ላይኛው ገጽ ብርሃን ጠግቦ ይታያል። ከአናት የሚወርድ ብርሃን ከላይ ለሚያይ ሰው አይከፋም።

«ወደ ታች አንሺ» አሉ አስጎብኚው። «ግን ከሩቅ አትሞክሪ። ከ5 ሰዓት በኋላ ሸለቆው እንደ ድስት ይንተከተካል፤ አየሩ ይንቀጠቀጥና ፎቶሽ ይሟሟል። ያኔ ሌንሴ ተበላሸ ብለሽ ወደ አዲስ አበባ እንዳትልኪው።»

«ልኬዋለሁ እኮ» አለች ቀስ ብላ።

ሁለቱም ሣቁ። የአስጎብኚው ባለቤት ከጀበናው ቀና ብለው የሚያሥቀውን ጠየቁ፤ የነገራቸው የለም።

ቀጥሎ የመጣው ቁራ ነው። ከአሸተን ማርያም መንገድ ላይ፣ ካብ ላይ ቆሞ። ይህም ወፍ የአገር ልጅ ነው፤ መንቆሩ እንደ መጥረቢያ ወፍሮ ጫፉ ነጣ ያለ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል ያደረገ የሚመስል፣ ከቁራ ዘር ሁሉ ከትልልቆቹ አንዱ። ልጅቱ ላባውን አሳምራ አውጥታለች፤ ጥቁሩ ውስጥ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ይታያል። ማጅራቱ ግን ወረቀት ነው፤ ላባ የለበትም።

እዚህ ላይ እሷ አስተማሪ ሆነች። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ ግራጫ ይጎትታል። ፎቶውን ጥቁር ወፍ ከሞላው፣ ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ነጩም ይቃጠላል። ወፉ ሰማይ ላይ ሲሆን ግን ግልባጩ ነው፤ ሰማዩ በዝቶበት ብርሃን ይቀንሳል፣ ወፉም ከሰል ይሆናል። «ስለዚህ ካብ ላይ ሲሆን ወደ ታች፣ ሰማይ ላይ ሲሆን ወደ ላይ ማዞር ነው። ይኼን አውቃለሁ፤ ያን ቀን ከሰማይ ወርዶ ካቡ ላይ ሲያርፍ ማዞሩን ረሳሁት። ነጩ አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም፤ ጥቁሩን ግን ቆፍሮ ማውጣት ይቻላል። ስለዚህ ቁራ ሲያነሡ ለማጅራቱ ይጠንቀቁ።»

«እኔ እንኳ ቁራ አንስቼ አላውቅም። ሥጋ እየሰረቀ አስመርሮኝ።»

«ያነሡትንስ መቼ ያሳዩኛል?»

አስጎብኚው እንደማፈር አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ ጎብኚ የጠፋ ጊዜ፣ የሚያስጎበኙት ሲያጡ አንድ እንግዳ ትታላቸው የሄደችውን አሮጌ ካሜራ ከሳጥን አወጡ። ከዚያ ወዲህ ያነሡት ሁሉ በስልካቸው ውስጥ አለ። ልጅቱ ስልኩን ተቀብላ በጣቷ እየገፋች አየች። ብዙ አየች። ጥቁር ሆኖ ክንፉ ላይ ነጭ ምልክት ያለው የገደል ወፍ፤ ደረተ ቀይ ዘመዱ፤ ከቁጥቋጦ ሥር የቆመች ቆቅ። ይህችን የላስታ ቆቅ ሃዋይ ደሴቶች ድረስ ወስደው ለቀዋት እዚያም በዱር እየተራባች ነው፤ አስጎብኚው ይህን ለእንግዳ ሁሉ ይነግራሉ።

«እውነቱን ልንገርዎት?»

«ቅኔ ቤት ነው ያለነው።»

«ሁሉም የመታወቂያ ፎቶ ነው። ወፉ መሐል ላይ፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ ዙሪያው ባዶ። አንዱን ያየ ሁሉንም አየ። ደግሞ ሁሉንም ቆመው ነው ያነሡት፤ ይህች ቆቅ ከአናቷ በኩል ዶሮ ትመስላለች። ዐይኗ ቁመት ድረስ ዝቅ ማለት አለብዎት። መሬቱ ላይ ይተኙ።»

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«እንግዲያው እሷ ከፍ ያለች ጊዜ ያንሡ፤ እርከን ላይ ስትወጣ አንቱ ከታች ሆነው። ይኼው፣ ዐይኗ ውስጥ ብርሃን የለም። ዐይኑ ውስጥ የብርሃን ነጥብ የሌለው ወፍ በጭድ የተሞላ ይመስላል።»

ዝምታ ሆነ። አስጎብኚው ስልካቸውን ተቀብለው ቆቋን እያዩ ቆዩ። ሃያ ዓመት ለፈረንጅ «ይህቺውልዎ» ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ወፍን መለየት ነው ሥራቸው፤ መለየት ደግሞ ጎን ይፈልጋል፣ ባዶ ጀርባ ይፈልጋል። ፎቷቸው የሥራቸው ልጅ ነው። ልጅቱ ይህን አላሰበችውም፤ ማሰብም ያለባት አይመስለኝም። የቆቋ ዐይን ጨልሟል።

«በጭድ የተሞላ ያልሽው ግን እውነት አለው» አሉ በመጨረሻ። «ድሮ እንደዚያ ነበር የሚደረግ።»

ድሮ ማለታቸው ሩፔልን ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያን ሰሜን ዞሮ፣ ያገኘውን ወፍ እየተኮሰ ቆዳውን ፍራንክፈርት ለሚገኘው የሴንከንበርግ ሙዚየም ሰብስቧል። ባለ ቀለበቷን ርግብ፣ ባለ ወፍራም መንቆሩን ቁራና በላሊበላ ገደሎች የሚያፏጨውን መንቆረ ነጭ ጥቁር ወፍ ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1836 እና 1837። ያኔ ካሜራ የለም፤ ወፍ አየሁ ለሚል ሰው ማስረጃው ጥይት ነበር። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ጥንብ አንሳ አለ፣ የሩፔል የሚባለው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 አቢጃን ሰማይ ላይ 11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው የእሱ ዘር ነው፤ ከዚያ በላይ ሲበር የተመዘገበ ወፍ የለም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ አስገብቶታል። ለጅብ፣ ለባዘነ ውሻ ተብሎ ጥንብ ላይ የሚረጭ መርዝ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

ልጅቱ ቀጣዩን ፎቶ የከፈተችው በልበ ሙሉነት ነው። መንቆረ ነጯ ወፍ ከገደል ቀዳዳ አጠገብ ዐለት ላይ ቆማለች፤ መንቆሯ ውስጥ ትል ይንጠለጠላል። ዐይኗ ውስጥ ብርሃን አለ። ከኋላዋ ያለው ገደል ለስልሶ ጠፍቷል። የወንዱ ራስ ጥቁር ነው፤ ይህች ግን ራሷ ግራጫ ስለሆነ እናትየዋ መሆኗ ያስታውቃል።

«በዚህስ ምን ያወጡለታል?»

አስጎብኚው ረዥም ጊዜ አዩት። «ስንት ደቂቃ ቆምሽ?»

«ሃያ። ምናልባት ግማሽ ሰዓት።»

«ምን ያህል ራቅ ብለሽ?»

«ከዚህ እስከዚያ በር።»

«እሷስ ስንት ጊዜ ገባች?»

ልጅቱ አሰበች። «የምን መግባት?»

«ጎጆዋ። ቀዳዳው ውስጥ። ትሉን ይዛ የቆመችው ለምን ይመስልሻል? ለአንቺ ፎቶ ነው?»

ፎቶው አልተቀየረም። ብርሃኑ እዚያው ነው፣ ዐይኗም። ልጅቱ ግን ሌላ ነገር እያየች ነው፤ ወደ ካሜራው በኩል የዞረውን አንገት፣ ሰውነቷ ላይ የተለጠፈውን ላባ፣ ለመነሣት የታጠፈውን እግር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ «ተመቻችታ ቆመችልኝ» ብላ ያሰበችው ወፍ መግባት ፈርታ ነበር የቆመችው።

«ላጥፋው?»

«አጥፊው አላልኩም። አጥፍተሽው ምን ይመለሳል? ልጆቿ ያን ቀን ዘግይተው በልተዋል፤ ቁራ አይቷት ጎጆዋን ካላወቀባት። እኔ የምልሽ ለሰው ስታሳዪው ይኼንንም ንገሪያቸው ነው። ያለዚያ ነገ ሌላው ሄዶ ከአንቺ ቀርቦ ይቆማል። ቦታውንም አትንገሪ፤ ‹ላስታ› በያቸው፣ ላስታ ሰፊ ነው።»

«አንቱ እንዲህ ዓይነት ጥፋት ሠርተው አያውቁም?»

ጥያቄው የብስጭት ነበር። መልሱ ግን መጣ።

አንድ ጊዜ፣ ከጦርነቱ በፊት፣ አጥንት ሰባሪውን በቅርብ ማንሣት የፈለገ እንግዳ ነበራቸው። ሦስት ጠዋት ከሥጋ ቤት አጥንት ገዝተው አፋፉ ላይ በተኑ። በመጀመሪያው ቀን ውሻ መጣ። በሁለተኛው ውሻና ቁራ። በሦስተኛው አሞራው ወረደ፤ እንግዳው በደስታ ሊበር ደረሰ። ፎቶው ውብ ነበር። «ለእኔም አንዱን አሳትሞ ሰጠኝ፤ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ ሥጋ ሻጭ ነው፣ አየውና ‹ይኼ አሞራ ከማን ሱቅ ነው የገዛ?› አለኝ። አጥንቱ ጫፉ ላይ በመጥረቢያ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ጅብ የሰበረው እንዲያ አይሆንም። አውርጄ አስቀመጥኩት።»

«እሱ ግን ሁልጊዜ አይሠራም ጋሼ። ከብት ከሚታረድበት ጓሮ አጥንት የሚለቅም አሞራ በየከተማው አለ። በመጥረቢያ የተቆረጠ ሁሉ ማባበያ አይደለም።»

«ልክ ነሽ። የእኔ ግን ነበር።»

በረካው ቀረበ። ባለቤታቸው ስኒዎቹን አድለው ሲያበቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ልጅቱ ወደ መጀመሪያው ፎቶ ተመልሳ ነበር፤ ወደታጠበው አሞራ። ሴትየዋ እንደ ዶሮ ገዢ ትክ ብለው አዩት።

«ምን ጠፍቶበት ነው?» አሉ።

«ምኑ?»

«አንገቱን ሰብሮ ወደ ታች ያያል እኮ። ምን ጥሎ ነው?»

አስጎብኚውና ልጅቱ ተያዩ። እውነትም አሞራው ፊቱን ወደ እግሮቹ አዘንብሏል። ሁለቱም ስለ ደረቱ ቀለም ሲጨቃጨቁ አንገቱን ያየው አልነበረም።

«ይኼን ቆርጠሽዋል?»

«ከርክሜዋለሁ። ሙሉው ብዙ ነገር አለበት፤ እርሻ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ…»

«ሙሉውን ክፈቺልኝ።»

ልጅቱ ፈልጋ አወጣችው። ወፉ አሁን ትንሽ ነው፤ ከሥሩ ሸለቆው፣ እርከኑ፣ ጥግ ላይ የሚያብረቀርቅ ጣሪያ። ከወፉ በታች፣ ክንፉን ሁለት ጊዜ ያህል ወርዶ፣ አንዲት ነጭ ጭረት አለች።

«ይህች ቆሻሻ ናት» አለች። «ካሜራው ውስጥ አቧራ ገብቶ ነበር።»

«የሚቀጥለውስ?»

ካሜራው በሰከንድ ስምንት ጊዜ ሲያነሣ ነበርና የሚቀጥለው አለ። አቧራ ቢሆን እዚያው ቦታው ላይ በተገኘ። ጭረቷ ግን ወርዳለች፤ በሦስተኛውም ወርዳለች፣ ደግሞ ዞራ ጎኗን ሰጥታለች። አሞራው ክንፉን ሰብስቦ ይከተላታል።

«አጥንት ናት» አሉ አስጎብኚው፤ ድምፃቸው ቀንሶ ነበር። «ስንት ዓመት ሳይ ኖሬ… ስትለቀቅ በፎቶ አይቻት አላውቅም።»

«ደብዝዛለች።»

«ደብዝዛለች።»

«ወፉም መሐል ላይ አይደለም። ጣሪያም አለበት። ለመታወቂያ አይሆንም።»

«ጣሪያው ማንን ነካ? የሰው አገር ነው።» መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አደረጉ። «ደረቱን መጀመሪያ መልሺለት።»

ልጅቱ ያደረገችውን ለውጥ አንድ በአንድ ወደ ኋላ መሻር ጀመረች። በእያንዳንዱ ንክኪ ደረቱ ትንሽ ትንሽ እየደፈረሰ፣ እየቀላ፣ እየዛገ መጣ። ባለቤታቸው የቀዘቀዘውን በረካ ሊለውጡ ስኒዎቹን አነሡ፤ ሁለቱም አላዩአቸውም።